ግሪክኛን በቅኔ ቤት መንገድ

የተወለድኩት አዘና ነው። ቤት ውስጥ አዊኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ ስናገር አደግሁ፤ ግዕዝን ቅኔ ቤት ተማርኩ። የጥንቱን ግሪክኛ የጀመርኩት ግን ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ 30 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያስጀመረኝ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። መጽሐፉ በሙሉ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ቢሆንም የግዕዙ ትርጉም የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። ከግሪክኛው ከፊሉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ፣ አኽሚም ውስጥ ከመቃብር ተገኝቷል። ሁለቱን ሳያስተያይ ስለ ግዕዙ የሚጽፍ ሰው አንዱን ባለጉዳይ ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ፊደሉን ስቆጥር የመጀመሪያው ደስታ መጣ። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር፤ አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ዮታ 10፣ ካፓ 20፣ ላምዳ 30 ነው። ይህን በተርታ ስጽፍ ፩፣ ፪፣ ፲፣ ፳፣ ፴ ከየት እንደመጡ ታየኝ። አባቴ ግድግዳ ላይ ከሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ በዓላትን ስለቅም ለካ የግሪክ ፊደል እያነበብኩ ነው ያደግሁት።

ግሱ ግን በደስታ ብቻ የሚገፋ አልሆነም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በሰዋስው መጽሐፍና በመዝገበ ቃላት አሳለፍኳቸው። ስለ እያንዳንዱ እርባታ ማብራራት እችላለሁ፤ አንድ አረፍተ ነገር ሲቀርብልኝ ግን ከቃል ቃል መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። በትልቅነቱ ቋንቋ የሚጀምር ሰው ፈተናው ይህ ነው፤ የገባው ነገር ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል።

መፍትሔውን ያገኘሁት የኔታ ግስ ያስወርዱን የነበረበትን መንገድ ሳስታውስ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪ «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል» እያለ አፉ እስኪለምድ ድረስ በቃሉ ያወርዳል። ግሪክኛ ተማሪም የሚጀምረው «ሊዮ» በሚለው ግስ ነው፤ «እፈታለሁ» ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ከመግለጤ በፊት ቆሜ «ሊዮ፣ ሊኤይስ፣ ሊኤይ» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማውረድ ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የግሱን መጨረሻ ስሰማ አድራጊው ማን እንደሆነ ሳልፈልገው ይመጣልኝ ጀመር።

ግዕዙም አገዘኝ። «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» እንደሚል ለሚያውቅ ሰው፣ የግሪክኛው ስም በሙያው መጨረሻውን መቀየሩ እንግዳ አይሆንበትም። መስተአምሩን፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተውን ቃል፣ ግን ከባዶ መማር ነበረብኝ፤ ግዕዝ እንደ ግሪክኛው ያለ መስተአምር የለውም።

አንድ ማለዳ ሳወርድ ሳወርድ ከትእዛዝ አንቀጹ ደረስኩ፦ «ሊሶን»፣ «ፍታ»። መጨረሻውን ጆሮዬ ያውቀዋል። በሰሙነ ሕማማት አዘና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእናቴ ጎን ስሰግድ የምለው «ኪርያላይሶን» መጣብኝ። «ኪሪዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማር፤ ያው የትእዛዝ አንቀጽ፣ ያው «ሶን»። ግንባሬ ምንጣፍ እየነካ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! ያን ዕለት ከዚያ በላይ አላጠናሁም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ግሪክኛ ለእኛ የሩቅ አገር ቋንቋ አይደለም። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ታሪኩን በድንጋይ ሲያስቀርጽ ከግዕዝና ከሳባ ጽሑፍ ጋር በግሪክኛም አስቀርጿል። ወንጌል፣ ዲያቆን፣ ጰራቅሊጦስ የሚሉት ቃላት ከግሪክኛ የመጡ ናቸው።

ቅኔ ቤት አልፈህ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ወንድሜ፣ የገባሽ እኅቴ፣ የጥናታችሁ ርእስ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ። ግስ ማውረድ ታውቃላችሁ፤ በቃል መያዝ ታውቃላችሁ። ነገ ጠዋት በ«ሊዮ» ጀምሩ።