ለሚጠይቅ ሰው መልስ ስለ መስጠት፤ በዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ላይ የተጻፈ ምርመራ

ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ በ15ኛው ቍጥር፥ ምእመናን ተስፋቸው ከምን እንደ ተነሣ ለሚጠይቃቸው መልስ ሳያጡ እንዲኖሩ ያዝዛል፤ መልሱም በትሕትናና እግዚአብሔርን በመፍራት እንዲሆን ይጨምርበታል። ይህን ቃል የሚሰብኩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበከው የፊተኛው እኩሌታ ነው። ጠያቂውም የግድ ወዳጅ ነው አልተባለም፤ በሚከተለው ቍጥር ስለሚያሙና ስለሚሳደቡ ሰዎች ይናገራልና። ይህን የጻፈው ሐዋርያ ማን እንደ ሆነም ማስተዋል ይገባል፤ በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቈረጠ እርሱ ነው። የሰይፍ መልስ ምን እንደሚያፈራ በዐይኑ አይቷል።

ይህን ትእዛዝ ለመፈተኛ ከአገራችን መጻሕፍት የዘርአ ያዕቆብን ሐተታ መርጫለሁ። ሰውዬው ከ1434 እስከ 1468 ከነገሡት ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጋራ የሚገናኘው በስም ብቻ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ደራሲው በአክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወልዶ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ቅኔ ተቀኝቶ፥ መጻሕፍትንም በትርጓሜ አጥንቶ መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ከተቀበሉ በኋላ አገሩ በሁለት ሲከፈል፥ እርሱ ጉባኤ ዘርግቶ ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፥ ግብጻውያንም እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ይነግር ነበር እንጂ ለአንዱ አያዳላም ነበር። ስለዚህ ተጠላ፤ በንጉሡም ዘንድ ተከሰሰ። እርሱም ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ንጉሡ በ1632 እስኪሞቱ ድረስም ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። በዚያም ሳለ አንድ ነገር አስጨነቀው፤ ሰው ሁሉ የእኔ ሃይማኖት እውነተኛ ናት ሲል፥ የእያንዳንዱም ልብ በወገኑ ትምህርት ተይዞ ሳለ፥ በመካከላቸው የሚፈርድ ማን ነው?

ይህ መጽሐፍ በሊቃውንት መካከል ሲነሣ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ የፈረንጅ ድርሰት ነው የሚል ነው። የሚሉበትም ምክንያት አላቸው። በ1850ዎቹ ዓመታት መጽሐፉን ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን መነኵሴ ነው። ሊትማን የግእዙን ንባብ በ1904 አሳተመ፤ ከዚያም ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፥ ሚትቮክም በ1934 ደራሲው ያው መነኵሴ ነው ብለው ጻፉ። ክሎድ ሰምነር ግን የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በብዙ ድካም ተከራከሩ፤ አናይስ ቪዮን ደግሞ በ2013 የፊተኞቹን አሳብ ደገፈች፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። ይህ የብራናና የቋንቋ ምርመራ ስለ ሆነ ለሚያውቁት እንተወው። እኔ የምነቅፈው ይህን ክርክር ለጥያቄው መልስ አድርገው የሚያቀርቡትን ነው። የጠየቀው መነኵሴው ቢሆን፥ የአክሱሙ ደብተራም ቢሆን፥ የሚፈርድ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያው ቦታ ቆሟል። ጴጥሮስም መልስ ስጡ ሲል የጠያቂውን አገር አስቀድማችሁ መርምሩ አላለም።

መጽሐፉን ለሚያነብ ሰው ግን ከጠያቂው ጋራ የሚከራከርበት ብዙ ቦታ አለ። ደራሲው ጾምንና ምንኵስናን ይነቅፋል፤ ፈጣሪ ለዕለት ሁሉ ምግብ ሰጥቶ ሳለ የሚከለክል ሕግ ከሰው ነው፥ ከጋብቻ መራቅም ከፍጥረት ሥርዓት ውጭ ነው ይላል። ነገር ግን እርሱው ራሱ ከሊቃውንት ጋራ ከኖርሁበት ዘመን ይልቅ በዋሻው ብቻዬን ሳለሁ ብዙ ተማርሁ ብሎ ይመሰክራል። በገደል ሥር ብቻውን ተቀምጦ በዳዊት የሚጸልይ፥ ልቡን የሚመረምር ሰው ማን ይባላል? የመነኰሳትን ሥራ እየሠራ መነኰሳትን ነቀፈ። የሚጾም ሰው ስለ ምን እንደሚጾም አንድ መነኵሴ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሐተታው ይበልጥ በጠና ነበር። ደግሞም ሁሉን በልቡናዬ መረመርሁ ይላል፤ ነገር ግን ልቡናን የሚያበራ፥ የሚሰማና የሚያድን ፈጣሪ እንዳለ በመጀመሪያ የነገረው ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘው መዝሙር ነው።

ስለዚህ በቃል ማስያዝ ሁሉ ልብን ማሰር ነው የሚሉትን አልቀበልም። ልጅ ፊደል ቈጥሮ፥ ንባብ ለይቶ፥ ምሥጢሩን ሳያውቅ ዳዊት ይደግማል፤ ይህም እንደ ስንቅ ነው፤ ስንቅ የሚበላው መንገድ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሥርዓታችን ግን እዚያ እንዲቆም አልተሠራም። ከቅኔ ቤት አልፎ ወደ መጽሐፍ ቤት የገባ ተማሪ አንዱን ንባብ መምህሩ አንድም እያለ በሁለት፥ በሦስት፥ ከዚያም በሚበዛ መንገድ ሲፈታው ይሰማል፤ ያም አንድም የሚለው ቃል ለጥያቄ የተከፈተ በር ነው። ጕዳቱ ያለው ከብዙ ልጆች ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸው ላይ ነው። የቀረው ከዳዊት በኋላ ወደ እርሻው፥ ወደ ንግዱና ወደ ሹመቱ ይሄዳል፤ ንባቡን ይዟል፥ ትርጓሜውን አልሰማም። ይህ ሰው በጐለመሰ ጊዜ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ፥ ዝም ብለህ ተቀበል የሚል ካህን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ትምህርቱ በእውነት እስራት ሆነ። መኳንንትም እንዲሁ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ለዳዊት አድርሰው ግብር አበሉ፥ መምህሩን አሰናበቱ።

በመጽሐፍ ግን የጠየቀ ሰው እንዴት እንደ ተያዘ እናያለን። ኢዮብ እግዚአብሔርን ሲሞግት ሦስቱ ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ቆሙ፤ የተናገሩትም አብዛኛው ሲሰሙት መልካም ነው፤ በጉባኤ ቢነገር ሁሉ እውነት ነው የሚለው ዐይነት ነው። በ42ኛው ምዕራፍ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በጠበቆቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር እንደ ባሪያው እንደ ኢዮብ አልተናገሩምና። ኢዮብም አስቀድሞ በ13ኛው ምዕራፍ፥ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ዘልፏቸው ነበር። ቶማስንም እንመልከት። በዮሐንስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ፥ ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም ካለ በኋላ እስከ ስምንት ቀን ምን እንደ ተደረገ መጽሐፉ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ ጌታ ዳግመኛ ሲመጣ ግን ቶማስ ከወንድሞቹ ጋራ በቤት ውስጥ ነበረ። ዐሥሩ ያዩትን አላየም፥ አላምንም ብሏቸዋል፤ እነርሱ ግን አላወጡትም። ሰባኪዎች በዳግም ትንሣኤ ቀን የቶማስን ጥርጥር ሲዘልፉ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ስለ ዐሥሩ ትዕግሥት ግን የሚናገር ብዙ አልሰማሁም።

በአገራችን ታሪክ ይህ ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ጐድሎ ታይቷል። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ስለ ስግደት ባነሡት ክርክር በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ ተቀበሉ። ዐፄ ሱስንዮስም በተራቸው የሮምን ሃይማኖት በኃይል ሊያጸኑ ፈለጉ፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ።

የሐተታው ባለቤት ከዋሻው ከወጣ በኋላ በእንፍራዝ በሀብቱ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ ልጆችንም አስተማረ። ሚስት አገባ፥ ልጅም ወለደ። በዚያ ሁሉ ዘመን በልቡ ያለውን ከሰው ሰውሮ እንደ ክርስቲያን ኖረ፤ ሰዎችን ፈርቻለሁ፥ ቢያውቁብኝ አይታገሡኝም ሲል ምክንያቱን ይናገራል። የእንፍራዝ ሰዎችም እንደ እነርሱ የሚያምን መስሏቸው አከበሩት። ጥያቄውን ለተማሪው ለወልደ ሕይወት ብቻ ገለጠለት፤ እርሱም ጻፍልኝ ብሎ ለመነው።