ስለ ማስክ ጠርዝ

በፎቶሾፕ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ከጀርባው ለይቶ ማውጣት ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ማስክ የተባለው ጭንብል ነጭ በሆነበት ያሳያል፤ ጥቁር በሆነበት ይሸሽጋል፤ በመካከል ያለው ግራጫ ደግሞ እንደ መጠኑ ያሳልፋል፤ ይኸውም በስምንት ቢት ከ0 እስከ 255 ይቈጠራል። ችግሩ ያለው በዚሁ በግራጫው ላይ ነው።

ብዙዎች ጠርዙ ሻካራ የሆነባቸው እንደ ሆነ ወደ ፌዘር ይሮጣሉ። በእኔ አስተያየት ይኽ ስሕተቱን መሸፈን እንጂ ማረም አይደለም። ፌዘር የትከሻውን መስመርና የፀጉሩን ጫፍ ሳይለይ ሁሉን በእኩል ያደበዝዛልና፤ ጐፈሬው ጭጋግ፥ የነጠላው ዘርፍም ጢስ ይመስላል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሴሌክት ኤንድ ማስክ» ፀጉር ያለበትን ስፍራ ብቻ በብሩሽ ለማመልከት ስለሚያስችል ከዚህ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው «ዲኮንታሚኔት ከለርስ» በፀጉሩ ላይ የቀረውን የጀርባ ቀለም ለማጥፋት ሲል የፒክሰሉን ቀለም ራሱን ይለውጣል። ለመጽሔት ሽፋን ይኽ ምንም አይደል፤ ለጥናት ማስረጃ በሚቀርብ ፎቶግራፍ ግን ካሜራው ያላየውን እንዳየ አድርጎ ማቅረብ ነው። ውጤቱ በአዲስ ሌየር ላይ ስለሚወጣ ዋናው ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ እንግዲህ ዋናውን ከታረመው ጋር አያይዞ ላለማቅረብ ምክንያት የለም።