መነሻና ጭብጥ፦ «የብስክሌት ሌቦች» ምን ያስተምረናል?

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ታሪኩን ይነግርሃል፤ ሌላው ምክሩን። ስለ አንድ ፊልም ቢናገሩም የፊተኛው መነሻውን፣ የኋለኛው ጭብጡን ነው የያዘው። እኛ የፊልም ድርሰት የምንሞክር ተማሪዎች ሁለቱን ስለምናደባልቃቸው ገጸ ባሕርያቱ ሰው መሆናቸው ይቀርና የመፈክር ተሸካሚ ይሆናሉ።

መቼም ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም። ላዮስ ኤግሪ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የተውኔት አጻጻፍ መጽሐፍ ጸሐፊው መነሻውን አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀምጥ ይመክራል። የ«ማክቤዝ» መነሻ፣ በሱ አባባል፣ ርኅራኄ የሌለው የሥልጣን ጥም ራሱን ያጠፋል የሚል ነው፤ ተውኔቱም ይህንኑ ያረጋግጣል። ምክሩ መንገድ ያስይዛል፤ አይካድም። ዳሩ ግን ኤግሪ መነሻ የሚለው እኛ ጭብጥ የምንለውን ነው። መልሱ አስቀድሞ ከተቆረጠ ታዲያ ተመልካቹ ምን ሊፈልግ ይቀመጣል?

እስቲ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀውን፣ ቼዛሬ ዛቫቲኒም በድርሰቱ የተሳተፈበትን «የብስክሌት ሌቦች» እንመልከት። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ፣ አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል ሥራ አጥ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል። ሚስቱ አንሶላዎቿን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታስወጣለታለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ይሰረቃል፤ ከልጁ ከብሩኖ ጋር ፍለጋ ይወጣል። መነሻው ይኸው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ፍላጎት፣ አንድ እንቅፋት። ምክር የሚባል የለበትም።

ጭብጡስ? «ድህነት ሌባ ያደርጋል» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ አንቶኒዮም በመጨረሻ የሰው ብስክሌት ይሰርቃልና። ፊልሙ ግን እዚያ አይቆምም። ሌባው ነው ብሎ የያዘው ወጣት ቤቱ ሲፈተሽ እሱም የቸገረው ሆኖ ይገኛል። አንቶኒዮ ሲሰረቅ ሌባውን ያስጣለለት አልነበረም፤ እሱ ሲሰርቅ ግን መንገደኛው ተጠራርቶ ይይዘዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ያያል። ባለ ብስክሌቱ ልጁን አይቶ ይተወዋል፤ ብሩኖም የአባቱን እጅ ይይዛል። አባት በልጁ ፊት ተዋርዶ ልጁ ግን እጁን አለመልቀቁን የትኛው መፈክር ይችለዋል? ርዕሱ ራሱ «ሌቦች» የሚለው በከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «የብስክሌት ሌባ» ተብሎ በነጠላ ሲጠራ ከጭብጡ እኩሌታው ጠፋ፤ ሁለተኛው ሌባ ማን እንደሆነ ርዕሱ መጠየቁን ተወ።

«ዓላማ የሌለው ድርሰት ከንቱ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው! የዴ ሲካ ፊልምም ዓላማ አለው፤ ከሥራ አጡ ጎን ነው የቆመው። የሚቆመው ግን አንሶላውንና ብስክሌቱን እያሳየ እንጂ እየሰበከ አይደለም። አንጥረኛ እንኳ ሰሙን ሳያበጅ ወርቁን አያፈስም፤ እኛ ግን ሰም ሳይኖረን ወርቁን መሬት ላይ እናፈሳለን።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ስትጽፉ ሰውየው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚከለክለው አስቀድማችሁ ወስኑ። ጭብጡን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ከመጨረሻው ትዕይንት ላይ ፈልጉት። ያገኛችሁት ገና ብዕር ስታነሱ ታውቁት የነበረው ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ገጸ ባሕርያችሁ አንድም ቀን አፋቸውን አልከፈቱም ማለት ነው።