ጎርፉን ያላየ ግጥም

ባለፈው ፕሮግራማችን ስለ ዝናብ የተነበበውን ግጥም ታስታውሳላችሁ? እኔም እንደ እናንተ አጨብጭቤያለሁ። ኋላ አቅራቢው «በስልኬ ነው ያስጻፍኩት» አለኝ (ይህን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው)። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

ግጥሙን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤት ይመታል፤ የሰዋስው ስሕተትም የለበትም። ዝናቡ ግን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በረከት ብቻ ነው። ቆቦ ላይ እንዲህ ነው እንዴ? የራያ ገበሬ በማሳው ላይ ደመና ሳይኖር ከምዕራቡ ተራራ የወረደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ያው ጎርፍ ሲበረታ ማሳውን አሸዋ ያለብሰዋል። ጎሊናን ወይም ሆርማትን በክረምት ያየ ሰው «ዝናብ» ሲል ደስታውና ስጋቱ አብረው ይመጡበታል። ማሽኑ ሌሎች ከጻፉት ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይደረድራል እንጂ ወንዝ ዳር ቆሞ አያውቅም።

ማሽን ሁሉ ይቅር አልልም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን መተርጎም ከጀመረ ወዲህ እኔም ለትምህርት ዝግጅት ተጠቅሜበታለሁ። ያ ግን የሌላውን ቃል ነው የሚያመጣልኝ። በ2022 ከወጣው ከቻትጂፒቲ ወዲህ የመጡት በእኛ ስም «እኔ» ይላሉ። ግጥሙ ውስጥ «ጌታ ሆይ፣ አለቀስኩ» የሚል አለ። ማን ነው ያለቀሰው? እኛስ «አሜን» ያልነው ለማን ነበር?

ልጁን ስለ ዝናብ የራሱን ነገር ጠየቅኩት። አምና የአባቱን ማሽላ ጎርፍ እንደወሰደው ነገረኝ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

«ቤት አልመታልኝም» አለ።