ጥልፍ አይደለም፦ ስለ ጎንደሩ የሐር መጋረጃ

ዓርብ ዕለት መላዝ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ አንዷ እህታችን ስልኳን አዙራ ፎቶ አሳየችን። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የጎንደር መጋረጃ ነው። «ወይ ጥልፍ! እንዴት ያለ እጅ ነው እናንተ!» አለች። ሁላችንም አደነቅን። እኔ ግን ቤት ገብቼም ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። ያ ጨርቅ ጥልፍ አይደለማ! ጥልፍ ብለን ባለፍነው ቁጥር ዋናው ሥራ ያመልጠናል።

ጥልፍ አልቆ ከሸማኔ እጅ በወጣ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው። መጀመሪያ ጨርቁ፣ ከዚያ ጌጡ። በመጋረጃው ላይ ግን ሰዎቹም መስቀሎቹም ከጨርቁ ጋር አብረው ነው የተሠሩት። ጌጡን ልንጠል ብንል ጨርቁም አይተርፍም።

እንዴት ተሠራ? ሸማኔ ሲሠራ ያየን እናውቃለን። ድሩ ይዘረጋል፣ ማጉ በመወርወሪያ ይገባል፣ የነጠላችን ጥበብ የሚወጣው በማጉ በኩል ባለቀለም ክር እየገባ ነው። የጎንደሩ በሌላ መላ ነው። አራት ማዕዘን ያላቸው ትንንሽ ስስ ገበታዎች አስቡ። በየማዕዘናቸው ቀዳዳ አለ፣ በየቀዳዳው አንድ የድር ክር ያልፋል። ገበታዎቹ እንደ መጫወቻ ካርታ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሩብ ዙር ሲዞሩ አንዳንዱ ክር ይወጣል፣ አንዳንዱ ይወርዳል፣ በመሃል ማግ ገብቶ ይመታል። ከዚያ እንደገና ይዞራል። የትኛው ገበታ ወደ ፊት፣ የትኛው ወደ ኋላ እንደሚዞር እንደ መልኩ ይወሰናል። ማጉ ውስጥ ይቀበርና የምናየው ሁሉ የድሩ ሥራ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እዚህ በዓይን ማየት ይቻላል።

በዚህ መላ በየአገሩ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነገር ነው፤ መቀነት፣ ጥብጣብ፣ የልብስ ጠርዝ። የጎንደሮቹ ግን ከቻይና በመጣ ሐር ግድግዳ የሚያህል ሠሩበት። ቶሮንቶ፣ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ያለው ክፍል ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ ስፋቱም ከ2 ሜትር ይበልጣል። ሰዎቹ ግትር ናቸው፣ ዓይናቸው ፈጧል የሚል ካለ፣ እኔ ይህን እንደ ድክመት አላየውም። ገበታ እያዞሩ ክብ ጉንጭ ማውጣት ከባድ ነው፤ ሠሪዎቹ ክሩ የሚችለውን አውቀው በዚያው ልክ ሣሉ። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይሄ ግርማ ሆነ። መቅደሱን ከምእመናን የሚጋርድ ጨርቅ ከሩቅ ነው የሚታየው።

ስለ መጋረጃው ሲወራ መጀመሪያ የሚነሡት ነገሥታቱ ናቸው። ሥራው የ18ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያጠኑት ሰዎች ዐፄ በካፋ (በፈረንጅ ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት)፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ተሥለውበታል ይላሉ። ቀጥሎ የሚነሣው ዘረፋው ነው። እሱም መነሣት አለበት፣ ግን ሙሉውን እናንሣው። በ1866 በፈረንጅ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያስዘረፉት የራሳችን ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ላይ የተከማቸውን ይዘው ሄዱ። የለንደኑና የቶሮንቶው የአንድ ባለ ሦስት ክፍል መጋረጃ አካል እንደነበሩ ይታመናል። ዛሬ በሁለት አገር ተለያይተው ይኖራሉ። የዚህን ስሜት ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሠሪዎቹስ? ስለ እነሱ ሲደርስ ወሬው ያጥራል። ስማቸውን የጻፈ የለም። እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው። ስም ባይገኝ እንኳ ሥራቸው በትክክለኛ ስሙ ሊጠራ ይገባል። ጥልፍ ስንለው ለወራት የተዞረውን ገበታ፣ የተቆጠረውን ክር፣ ስሕተት ሲገኝ የተፈታውን ሁሉ በአንድ መርፌ እንለውጠዋለን። እኛም እናውቀዋለን። ስንት ሰዓት ቆመን ያጸዳነውን ቤት እንግዳ ሲገባ «ቤቱ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ንጽሕናው ከግድግዳው የበቀለ ይመስል።

ሪያድ ያለን ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። መጅሊስ ውስጥ ትራሱ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ያለውን ቀይና ጥቁር መስመር እዩት። ሳዱ ይባላል። የበደዊን ሴቶች የበግ ሱፍ፣ የፍየልና የግመል ጠጉር በእንዝርት ፈትለው፣ መሬት ላይ በተዘረጋ መሸመኛ የሚሠሩት ነው። እዚያም መልኩን የሚያወጣው ድሩ ነው፣ ማጉ አይታይም። ዩኔስኮ በ2020 በፈረንጅ በሳዑዲና በኩዌት ስም በቅርስነት መዝግቦታል። እኛ አገር የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። እዚህ ሁለቱንም ሴቷ ትሠራዋለች። ሳዱ የምትሠራ አሮጊት የጎንደሩን መጋረጃ ብታይ፣ እኛ ዓርብ ዕለት ካየነው በላይ የምታይ ይመስለኛል።

እህቶቼ፣ ቀላል መፈተኛ ልንገራችሁ። ሻንጣችሁ ውስጥ ያለውን የሐበሻ ቀሚስ አውጡና ጀርባውን ገልብጡት። ቋጠሮና ከአበባ ወደ አበባ የተሻገረ ክር ካያችሁ ጥልፍ ነው። ጌጡ ከጨርቁ ክር ጋር አብሮ ተመትቶ የገባ ከሆነ የሽመና ሥራ ነው። ሁለቱም ሙያ ናቸው፣ አንዱን ከአንዱ አላሳንስም። ብቻ የማንን ሥራ እንደለበስን እንወቅ። ፎቶውን ላሳየችን እህታችንም የሚመጣው ዓርብ ይህንኑ እነግራታለሁ። ስልኳን ሙሉ ቻርጅ አድርጋ ትምጣ፤ አጉልተን ክር በክር እናየዋለን።