አየር በጠርዝ ይገባል

በኬንያዋ ሞያሌ ለጥገና የሚመጡልኝ ትንንሽ የመኪና ፍሪጆች አብዛኞቹ የሹፌሮች ናቸው። የማርሳቢቱ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ቁጥራቸው በርክቷል። ሕመማቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ፋኑ ይዞራል፣ ውኃው አይቀዘቅዝም።

እነዚህ ፍሪጆች ኮምፕሬሰርም ጋዝም የላቸውም። ቅዝቃዜውን የምትሠራው ጎንና ጎኗ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ነጭ ንጣፍ ናት። ፔልቲየር እንላታለን፤ ኤሌክትሪክ በሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መገናኛ ላይ ሲያልፍ ሙቀት እንደሚወስድ እ.ኤ.አ. በ1834 ያሳየው ፈረንሳዊ ስም ነው። በብዛት የምትሸጠው 12706 የምትባለው ናት፤ 127 ጥንድ፣ እስከ 6 አምፔር። በሁለት የሴራሚክ ሳህኖች መካከል የተደረደሩት ጥቃቅን ጡቦች ቢስመዝ ቴሉራይድ ናቸው። ሁሉም በተከታታይ ስለተበየዱ አንዱ መገናኛ ከተለቀቀ ንጣፏ በሙሉ ትሞታለች።

ምርመራዬ ቀላል ነው። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጌ አንዱን ፊት በመዳፌ እይዛለሁ። ንጣፏ ጤነኛ ከሆነች የእጄ ሙቀት ብቻውን ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል። ካልተንቀሳቀሰ ጠርዟን እመለከታለሁ፤ ዙሪያውን የተቀባው ማሸጊያ ሽቦዎቹ በሚወጡበት በኩል ተላቆ፣ ከሥሩ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ።

የጡቦቹ ክሪስታል ቢስመዝ ቴሉራይድ የፊዚክስ ሰዎችም መነጋገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እሱና ዘመዱ ቢስመዝ ሴሌናይድ በአግባቡ ሲዘጋጁ ውስጣቸው ኤሌክትሪክ የሚከለክል፣ ገጻቸው ግን የሚያስተላልፍ ሆነው ተገኙ። የክሪስታሎቹ አሠራር እንደ መጽሐፍ ቅጠሎች ንብርብር ነው። አምስት የአቶም ረድፎች ተጣብቀው አንድ ቅጠል ይሆናሉ፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ገደማ ነው። ቅጠል ከቅጠል የሚያያዘው ግን በደካማ ኃይል ስለሆነ በፕላስተር ይላጣል። በተላጠው ልሙጥ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ትስስራቸው የተሟላ በመሆኑ ኦክስጅን የሚይዘው ብዙ ነገር አያገኝም። በተሰበረው ጠርዝ በኩል ግን ትስስራቸው የተቋረጠ አቶሞች አሉ፤ ኦክሳይዱም ከዚያ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ይህን ገጽ የሚያጠና ተመራማሪ ክሪስታሉን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይልጠዋል። የአየሩ ኦክስጅንና እርጥበት፣ ለዓይን የሚታይ ነገር ሳይኖር፣ የገጹን ኤሌክትሮኖች ብዛት ይቀይሩበታል። ለእሱ ሥራው በሙሉ ገጹ ላይ ነው። እኔ ግን የምጠቀመው በጡቡ ውስጥ ስለሆነ ስስ ኦክሳይድ አያስጨንቀኝም። የእኔ ጠላት ብየዳውን የሚበላው ውኃ ነው። ያም ሆኖ የሁለታችንም ጣጣ የሚገባው በጠርዝ ነው።

ስለዚህ አዲስ ንጣፍ ስገጥም ረጅሙን ጊዜ የሚወስድብኝ ዙሪያው ነው፦ ማድረቅ፣ ሲሊኮን ማዞር፣ የሽቦዎቹን መውጫ መድገም።

«አንተ ልጅ፣ ሙጫው ምን ይሠራልሃል? ግጠምልኝና ልሂድ» ይሉኛል ቸኳዮቹ።

«ጋሼ፣ ካላሸግኩት ውኃ ይገባበታል።»

«በሞያሌ አገር ምን ውኃ አለና!»

ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀዝቃዛው ፊት ከደረቁ አየር ውስጥም ቢሆን ጤዛ ይሰበስባል፤ ፍሪጁ በደንብ በሠራ ቁጥር ጤዛውም ይበዛል። እኔ ዘንድ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ የወጣ ፍሪጅ ቢቀዘቅዝም አልተጠገነም።