ምጣድ በቤተ ሙከራ ሚዛን
ከበቆጂ ገበያ የተነሣ ሂሳዊ ዳሰሳ

በበቆጂ ገበያ ምጣድ የምትገዛ ሴት ዓይኗን ብቻ አታምንም። ዕቃውን በጠርዙ አቁማ፣ የጣቷን አንጓ አጥፋ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ የዋጋ ክርክሩ ይጀመራል። ድምፁ ከታፈነ ግን ምንም ሳትናገር ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። በአማርኛ ምጣድ፣ በኦሮምኛ ኤሌ የሚባለውን ይህን ዕቃ የሴራሚክ ጥናታችን ለመመዘን ሲነሣ ግን የያዘው ሚዛን ለሌላ ዕቃ የተሠራ ይመስለኛል።

የቤተ ሙከራው መንገድ የታወቀ ነው። አፈሩ ይደርቃል፣ በኳስ ወፍጮ ይደቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በፕሬስ ተጨምቆ ኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ በደቂቃ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከጨመረ 800 ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ከ450 እስከ 600 ባለው ውስጥ ካኦሊን የሚባለው የሸክላ ማዕድን በአካሉ ውስጥ ያሰረውን ውኃ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ውኃ ቢያፈሱበትም ጭቃ አይሆንም። ከ1,000 ወዲያ ሙላይት የሚባለው ማዕድን ይወለዳል፣ ከፊሉ ቀልጦ መስታወት ይሆናል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ሲንተሪንግ የሚሉት ይህንን ነው። ፖርሴሊን ለመባል አንድ የወለል ንጣፍ የሚመጠው ውኃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቦምቦዋ ካኦሊን፣ የሀዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተከፈተው የቁሳቁስ ምህንድስና ትምህርት ሁሉም ወደዚያው ያመራሉ። ለሰሃንና ለመጸዳጃ ቤት ዕቃ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ የምትሄደው በሌላ በኩል ነው። የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ፣ ገሉን ወይም አሸዋን ከጭቃው ጋር ታቦካለች። በኩበት፣ በእንጨትና በገለባ ክምር ሜዳ ላይ ትተኩሳለች። የሜዳ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል፣ የሚወጣውም በችኮላ ነው። እንደ በቆጂ ባለ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ፣ በክረምት ጉምና ብርድ፣ በደንብ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው እንፋሎቱ ያፈነዳውና ድካሙ ሁሉ ገል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ዕቃውን እሳት ዳር ማሞቅ የግድ ነው።

ወደ ክርክሬ ልመለስ። የዚህን ዕቃ ቀዳዳነት ብዙ ጽሑፎች «ጉድለት» ብለው ያልፉታል። ተማሪ ሳለሁ እኔም እንደዚያ አምን ነበር። አንድ ቀን በከፍተኛ ሙቀት ያበሰልኩትን ጥቅጥቅ ያለ ክብ ናሙና በኩራት ፍም ላይ አስቀመጥኩትና ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። አጠገቡ የተጣደው አሮጌ ምጣድ ግን ዓመታት ተጋግሮበት ነበር። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአቴንስ የዴሞክሪቶስ ምርምር ማዕከል ሰዎች እንደ አሸዋ ያለ ኳርትዝ የተቀላቀለበትን ሸክላ ሲፈትሹ፣ ቅልቅሉ ሲበዛ ጥንካሬው እንደሚቀንስ፣ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ግን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ላይ ድንገት መጠኑን ይለውጣል። በየቅንጣቱ ዙሪያ ረቂቅ ስንጥቆችም ይቀራሉ። ትልቁ ስንጥቅ እየሮጠ ሲመጣ እነዚህ ያዘናጉታል፣ ጉልበቱን ይበሉታል። በየቀኑ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ለሚመላለስ ዕቃ ይህ ዋና ንብረቱ ነው።

ማሟሸትንም እንይ። አዲስ ምጣድ ይጣዳል፣ በጎመንዘር ይታሻል፣ ይጨሳል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ይታሻል። ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በሙቀት ይያያዝና ጥቁር፣ ልሙጥ ገጽ ይሆናል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል። ገጹ እንደ መስታወት የተደፈነ ቢሆን ዘይቱ በምን ይጨብጥ ነበር? ይህንኑ ሥራ በጓንትና በነጭ ካፖርት ብንሠራው «የገጽ ቅብ» ብለን ጽሑፍ እናወጣበት ነበር። (ለደረጃ ዕድገትም ሳይጠቅም አይቀርም።)

የሸክላን ዕውቀት በቁም ነገር የያዙት የአርኪዮሎጂ ሰዎች ናቸው። ጆን አርተር እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የጋሞ ጥናቱ፣ የጠላው አሲድ የገንቦውን ውስጥ እየበላ እንደሚሄድና ይህም ቤቱ እህል ለጠላ የሚተርፈው መሆኑን እንደሚናገር ጽፏል። ገብስ አምራች በሆነው በአርሲ ደጋ እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ ያስነብብ ነበር። ቡላ ሲሪካ ዋዬሳም እ.ኤ.አ. በ2011 የወለጋ ኦሮሞ ሸክላ ሠሪዎችን የአሠራር ስልት ለብቻው መርምሯል። በምህንድስና ጽሑፎቻችን ግን ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ «ናሙናው ከገበያ ተገዛ» በሚል አንድ መስመር ትጠፋለች። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ዝምታን የሚከለክል አዋጅ ግን አልወጣም።

ቤተ ሙከራው ትክክል የሚሆንበትም ቦታ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ሽቦው የሚቀመጠው ደግሞ ሙቀት በደንብ በማያሳልፈው ሸክላ ሥር ነው። ምጣዱን ማሳሳት ወይም ሙቀት የሚያሳልፍ ነገር መቀላቀል ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲሳሳ ግን ስንጥቅን መቋቋሙ አብሮ ይለካ። መለኪያውም ሩቅ አይደለም። ናሙናን በትንሽ መዶሻ መትቶ ከድምፁ ንዝረት ግትርነቱንና የተደበቀ ስንጥቁን የሚያነብ መሣሪያ አለ። በቆጂ ገበያ ላይ ምጣዱን በጠርዙ ያቆመችው ሴት በጣቷ አንጓ የምትሠራው ይህንኑ ነው።